ወፍጮውን የፈራው ደወል

ደወሉ ጮኸ። የታሪክ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ፣ ከኋላ የሚቀመጡት ወንዶች ደብተራቸውን ብብታቸው ውስጥ ወትፈው በሩ ጋ ደርሰዋል። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ከተጀመረ ገና አሥራ አንድ ደቂቃው ነበር።

«አስያ! ያንቺ ጉድ ምሳ ደርሷል ይላል!» አለ አንዱ ከበሩ ላይ።

«ግባና ቁጭ በል፣ ቀሽም» አለችው። ሌላ ቀን ቢሆን ከዚህ የባሰ ታቀምሰው ነበር። ትናንት ግን እሷ የሠራችው ደወል ከጠዋት እስከ ማታ አንዲት ደቂቃ ሳይስት ሲጮኽ ውሎ፣ ማታ በሰልፍ ላይ ትምህርት ቤቱ በሙሉ አጨብጭቦላት ነበር። ዛሬ ያው ትምህርት ቤት ይስቅባት ጀመር።

አስያ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ናት። አባቷ ረዲ አሰላ መናኸሪያ አጠገብ ሬዲዮ ይጠግናል። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ከጎኑ ተቀምጣ የመበየጃ ሊድ አቅልጣለች፣ ሽቦ ልጣለች፣ የሞተ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ ስትጎረጉር አድጋለች። ስለዚህ የመበየጃ ካውያ እንደ ማንኪያ የሚይዝ ሰው ስታይ ፊቷን መቆጣጠር አትችልም። የሳይንስ ክበቡ አሥራ ሁለት አባላት ነበሩት፤ በእሷ ቆጠራ ግን አንድ ነበር።

የክበቡ ሊቀ መንበር ኃይለየሱስ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪና የወጣቶች ማኅበር ተጠሪ ነው። ካኪ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይሄዳል፤ ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፤ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ይጽፋል። የካውያው የትኛው ጫፍ እንደሚያቃጥል የተማረው አንድ ቀን በስህተት ጨብጦት ነው። ያን ቀን አስያ እስኪያማት ስቃለች።

መሣሪያው ያን ያህል የሚወሳሰብ አልነበረም፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ። አስያና የፊዚክስ መምህሯ ቲቸር ዲሪባ ከከተማው የእርሻ ፕሮጀክት ግቢ ከተጣለ የላቦራቶሪ ዕቃ ላይ ሰባት ቺፖች ነቅለው በአንድ ጣውላ ላይ ደረደሯቸው። የመብራት መስመሩ በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ይመታል። ቺፖቹ ያንን ምት ይቆጥራሉ፤ ሃምሳ ምት አንድ ሰከንድ ነው። አርባ ደቂቃ ሲሞላ አንዲት ማብሪያ በራሷ ትዘጋና ደወሉ ይጮኻል። የቆጠራውን ሂደት የሚያሳዩ ትንንሽ ቀይ መብራቶችም ነበሩት።

ጣጣው ሲሠራ መጣ። ደወሉ አንዳንድ ቀን በሰዓቱ፣ አንዳንድ ቀን ደስ ባለው ጊዜ ይጮኻል። ምን እንደሚያስጮኸው ለማወቅ ያላት መሣሪያ ከአባቷ የተዋሰችው ባለ መርፌ ቴስተር ብቻ ነው። ቴስተሩ የተበጠሰ ሽቦ ያሳያል፣ የደከመ ባትሪ ያሳያል፤ ከዓይን ጥቅሻ በፊት መጥቶ የሚጠፋ ነገር ግን መርፌውን ነቅነቅ እንኳ አያደርገውም። እንዲህ ያለውን በመስታወት ላይ ሥሎ የሚያሳይ ዕቃ እንዳለ ቲቸር ዲሪባ ነግረዋታል። የት እንዳለ ስትጠይቃቸው «አዲስ አበባ ሳይኖር አይቀርም» አሏት። እና በግምት ነበር የምትሠራው፤ አንዱን ለውጦ ቀን መጠበቅ፣ ሌላውን ለውጦ ቀን መጠበቅ።

ሰኞ ዕለት ከሞተ ሬዲዮ የነቀለችውን ኮንደንሰር፣ የመብራቱን መንቀጥቀጥ ያረጋል ብላ፣ ጨመረችበት። ማክሰኞ፣ ኅዳር ሃያ አንድ፣ ደወሉ እንከን አልወጣለትም።

ኃይለየሱስ ያን ማታ ሰልፉ ፊት ወጥቶ ሩብ ሰዓት ተናገረ። «ወጣቱ ትውልድ ጊዜን በቁጥጥሩ ሥር አውሏል!» አለ። ከክፍለ ሀገሩ ጓዶች አርብ በአራት ሰዓት መጥተው እንደሚያዩት፣ ካመኑበትም መሣሪያው ከነሠሪዋ አዲስ አበባ ለኤግዚቢሽን እንደሚሄድ አስታወቀ። አስያ ከናዝሬት አልፋ አታውቅም። ያን መስታወት ያለውን ዕቃ በዓይኗ እንደምታየው አሰበችና ንግግሩን እንኳ ሳትንቅ አሳለፈችው።

ረቡዕ ዕለት እንግዲህ ደወሉ በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ጮኸ።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤተ ሙከራ ገብታ ጣውላው ላይ አቀርቅራ ሳለ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አባባ ቱፋ በር ላይ ቆሙ። መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት የመኪና ቸርኬ በብረት እየመቱ ክፍለ ጊዜ የሚለውጡት እሳቸው ነበሩ፤ ዛሬም ወደዚያው ተመልሰዋል።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ትናንት ደህና አልነበረም እንዴ? ዛሬ ምን ነካው?»

«ባውቅ ኖሮ ምሳዬን አልበላም ነበር አባባ?»

«ትናንትማ ምን አለ። ሁሉም ጸጥ። አህያ የለ፣ ወፍጮ የለ።»

አስያ ቀና አለች። «ወፍጮው ለምን የለም?»

«ማርያም ነበረች እኮ። ገብረ መድህን ሌላው ቀን ግድ የለውም፣ ማርያምን ግን አይፈጭም።»

የገብረ መድህን ወፍጮ ቤት ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ነው። የመብራቱ መስመር ከአንድ ምሰሶ ነው የሚወርደው። አስያ ይህን ስታስብ ማዶ ሞተሩ ተነሳ፤ አምፖሉ ደብዘዝ አለ፤ ጣውላው ላይ ያሉት ቀይ መብራቶች እየተቅበዘበዙ ወደፊት ሮጡ። ሞተሩ ሲነሳ መስመሩ ላይ የሚለቀውን ትርፍ ምት ሁሉ መሣሪያው ጊዜ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ኮንደንሰሩ አንዳች አልሠራም። ማክሰኞን ያስተካከለችው ማርያም ናት።

ብግን አለች። የክበቡ አባላት እናቶች ግማሾቹ ማክሰኞ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ወፍጮው የተዘጋው ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የማታውቀው የረዲ ልጅ አስያ ብቻ ናት። አንዱ እንኳ «ዛሬ ወፍጮ የለም» ቢላት ትነቃ ነበር። ግን በሊቀ መንበሩ ፊት የበዓል ስም ማንሳት ኋላ ቀር ያሰኛላ! እሱ ራሱ ስሙ ከክርስትና አባቱ የመጣ ሰው፣ ቀኑን እንዳልሰማ ሆኖ ዋለ። ፈሪዎች። አሥራ አንድ ፈሪዎች።

ከዚያ ደግሞ ወደ ራሷ መጣች፤ እዚያ ላይ ነው ያመማት። አባቷ የጠገነውን ሬዲዮ ሦስት ቀን ሳያዳምጥ ለባለቤቱ አይመልስም። እሷ አንድ ቀን አዳምጣ ሰልፍ ፊት ቆማ ተጨበጨበላት።

ከሰዓት በኋላ ለቲቸር ዲሪባና ለኃይለየሱስ ነገረቻቸው።

«ለማስተካከል ስንት ጊዜ ይፈልጋል?» አሉ ቲቸር ዲሪባ።

«ከመስመሩ መላቀቅ አለበት። የራሱ ባትሪ፣ የራሱ ምት። አንድ ወር፤ ዕቃው ካልተገኘም ሁለት።»

ኃይለየሱስ ፈገግ አለ። «ስለዚህ ችግሩ ወፍጮው ነው።»

«ችግሩ የእኔ ሥራ ነው።»

«ወፍጮው ነው አልሽ እኮ አሁን። ወፍጮ ደግሞ ይቆማል። ለቀበሌው አንድ ደብዳቤ ይበቃል።»

አስያ ወደ መምህሯ ዞረች። ቲቸር ዲሪባ ጣታቸው ላይ ያለውን ጠመኔ ያራግፉ ነበር። ጥሩ አስተማሪ ናቸው፤ የሚያውቁትን አይሰስቱም። ከሰሌዳው ሲርቁ ግን ድምፃቸው ይጠፋል። አስያ እሳቸውንም በልቧ ሰረዘቻቸው።

አርብ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ በወፍጮ ቤቱ በር አለፈች። ከሠላሳ በላይ ሴቶች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ አህዮቹ ከነጭነታቸው ቆመዋል። በሩ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። ጋሼ ገብረ መድህን ዱቄት የለበሰ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ሲያይዋት ጠሯት።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ አንቺ ነሽ አሉ ሠሪዋ። እስከ ስድስት ሰዓት አትፍጭ ተብያለሁ። የወፍጮዬ ጩኸት ደወላችሁን ይረብሻል እንዴ? ደወል ጆሮ አለው?»

«ጩኸቱ አይደለም ጋሼ። መብራቱ ነው…» አለች።

አንዲት ሴት፣ ከጭላሎ ተራራ ሥር በሌሊት ተነስታ የወረደች፣ «ኩን ማሊፍ?» ብላ ይህ ለምን እንደሆነ ጎረቤቷን ጠየቀች። ጎረቤቷ በኦሮምኛ አስረዳቻት። ሴትየዋ ወደ አስያ ዞራ በተሰባበረ አማርኛ ጠየቀቻት።

«ለደወል ነው? ቤት ልጆች ዱቄት ይጠብቃል። ደወል ይበላል?»

ሴትየዋ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ጸጉሯ አየቻት። አልተቆጣችም። ቀስ ብላ አይታ ጨረሰችና፣ ከዚህ በላይ ማየት እንደማያስፈልጋት ሁሉ ፊቷን አዞረች።

አስያ ያን አስተያየት ታውቀዋለች። የራሷ ነው። በየቀኑ ኃይለየሱስን የምታየው እንደዚያ ነው። ከፊት ለፊት ሲመጣ ምን እንደሚመስል ግን እስከዛሬ አታውቅም ነበር። አንገቷን ደፍታ አለፈች።

በአራት ሰዓት እንግዶቹ መጡ። ደወሉ ጮኸ። ብስኩትና ለስላሳ ቀረበላቸው። አራት ሰዓት ከአርባ ሲሆን እንደገና ጮኸ፤ አንዲት ሰከንድ አልሳተም። ከአጥሩ ማዶ የአህያ ድምፅ እንጂ ሌላ አይሰማም።

«ድንቅ ነው!» አሉ የእንግዶቹ አለቃ፣ ሆዳቸው የካኪውን ቁልፍ የሚፈታተን ሰው። «መቼም አይስትም?»

«በፍጹም፣ ጓድ!» አለ ኃይለየሱስ።

ጭብጨባው ቀለጠ። አስያ ከጣውላው አጠገብ እጇን ወደኋላ አጣምራ ቆማ ነበር። አፏን አልከፈተችም። ኃይለየሱስ ቢያንስ የመሣሪያውን ሆድ አያውቀውም፤ እኔ ግን እያንዳንዷን ሽቦ አውቃለሁ፣ አለች በልቧ። ከእሱ የባሰች ሆና ለራሷ ታየቻት።

ከዚያ ወደ መምህራን ክፍል ተጠራች። ጠረጴዛው ላይ ለኤግዚቢሽኑ የሚላከው ፎርም በአራት ቅጂ፣ በየመሀሉ ካርቦን ገብቶበት ተቀምጧል። ኃይለየሱስ ሁሉንም ሞልቶታል።

«እዚህ ጋ ፈርሚ። ቶሎ በይ፣ መኪናው እየጠበቀ ነው።»

አስያ ከላይ ጀምራ አነበበች። ስም፣ ክፍል፣ የመሣሪያው ጥቅም። ከታች «የታየ ጉድለት» የሚል መስመር አለ። «የለም» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ሴቶቹ አሁንም ደጅ ናቸው?» አለች።

«የምን ሴቶች?»

«ወፍጮ ቤት ያሉት።»

«አስያ፣ አትፎግሪኝ። ፈርሚ ብያለሁ።»

ቲቸር ዲሪባ መስኮቱ ጋ ቆመው ወደ ግቢው ያያሉ። አስያ ከኃይለየሱስ ኪስ ላይ አንድ እስክሪብቶ መዘዘች፤ አልጻፈም። ሁለተኛውን መዘዘች፤ ጻፈ። «የለም» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከጎኑ ጻፈች፦ «ወፍጮ ሲነሳ ቆጠራው ይዘላል። አልተፈታም። በትክክል የሠራው ወፍጮ በቆመባቸው ቀናት ብቻ ነው።»

«አብደሻል?» ኃይለየሱስ ወረቀቱን ሊነጥቃት እጁን ዘረጋ። «አዲስ አበባ አይወስዱሽም እኮ! ገባሽ? ማንንም አይወስዱም!»

«ገብቶኛል።»

ቲቸር ዲሪባ ከመስኮቱ መጡ። ካርቦኖቹ እንዳይንሸራተቱ የወረቀቶቹን ጫፍ በመዳፋቸው ተጫኑላት። የኃይለየሱስ እጅ አየር ላይ ቀረ።

አስያ ጎንበስ አለችና፣ እስከ አራተኛው ቅጂ ድረስ እንዲያልፍ እስክሪብቶውን ጫን አድርጋ ፈረመች።