ቀድሞ የሚወድቀው ግድግዳ

«አሁንም እሱ ነው» አለች ሀናን፤ ላፕቶፑን ወደ እህቷ እያዞረች።

ሰልዋ አየች። ስክሪኑ ላይ የተሳለው ሆጤ ሰፈር የሚገኘው የገዛ ቤታቸው ነው፤ የድንጋይ ግድግዳዎቹን በሜትር የለካችው ራሷ ናት። ሀናን ቁልፍ ስትጫን መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ቤቱ ይወዛወዛል፤ ከዚያ የጓሮው ክፍል ግድግዳ ወደ ውስጥ ይዘረገፋል። ሁሌም እሱ ይቀድማል። አባታቸው የሚተኙት እሱ ሥር ነው።

ሰልዋ መደንገጥ እንዳለባት ታውቃለች። ግን ምንም አልተሰማትም። እናታቸው አኺራ ከሄዱ ወዲህ ነገር ሁሉ የሌላ ሰው ወሬ ይመስላታል።

ሀናን ኮምቦልቻ ምህንድስና ትማራለች። ይህ የመመረቂያ ሥራዋ ነው፤ ሐሙስ ስታቀርብ አባቷና ሰልዋ ሊያዩ ይመጣሉ።

«ግድግዳውን በእጃቸው ነው የሠሩት፣ ለእማ ብለው» አለች ሀናን። «ሰው ፊት ላፍርሰው? በጭቃው ፋንታ ሲሚንቶ ብዬ ሳስገባ ግን አይወድቅም። ይኸው!» ተጫነች፤ ቤቱ ተወዛውዞ ቆመ። «የለካሽው አንቺ ነሽ። አስተማሪዬ ከጠየቀሽ ሲሚንቶ ነው በይ። ወላሂ ማንም አይቆፍረውም።»

«እሺ» አለች ሰልዋ። እሺ ማለት አይከብድም።

ከዚያ ወደ ጓሮው ክፍል ገባች። በሁለት ድንጋዮች መሃል ጣቷን ስትከት ደረቅ ጭቃ እየተፈረፈረ በአባቷ ትራስ ላይ ወረደ። በመዳፏ ጠረገችው። ሌላ ወረደ። እሱንም ጠረገች።

«ምን እያደረግሽ ነው ልጄ?» አባቷ ከአስር ሰላት ተመልሰው በሩ ላይ ቆመዋል።

«አባ፣ አልጋዎን ከዚህ እናውጣው።»

«ለምን?»

«ጭቃው አልያዘም። ሀናን ኮምፒውተሯ ላይ መሬቱን ስታንቀጠቅጠው መጀመሪያ የሚወድቀው ይሄ ነው። እርስዎ ላይ።»

አባቷ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ።

«ቸኩዬ ነው የሠራሁት» አሉ። «እናትሽ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል አማራት። ሲሚንቶ እስኪገኝ የምትቆይ አልመሰለኝም።»

ሰልዋ አልጋውን በግርጌ በኩል አነሳች፤ አባቷ በራስጌው ያዙ። ሀናን ድምፅ ሰምታ መጥታ ኖሮ ኮሪደሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ሐሙስ አስተማሪሽ ከጠየቀኝ» አለቻት ሰልዋ፣ አልጋውን እንደያዘች፣ «ጭቃ ነው እለዋለሁ።»

ሀናን አልጋው እንዲያልፍ በሩን ገፍታ ያዘችላቸው።