በመንገዱ ጫፍ የተሣለው

በዘርማት ምድር አንድ ማለዳ ተራራው ከቤቱ ደጃፍ ጋር ተጣብቆ ተገኘ። ወንዙም፣ ማሳውም፣ ሰማዩም እንደተወጠረ ቆዳ አንድ ገጽ ሆኑ። ጉምዛር የተባለው አውሬ ርቀትን ሰርቆ ነበርና ሕዝቡ ወንዙን እያየ መቅዳት ተስኖት በውኃ ጥም ይረግፍ ጀመር።

ባለ ራእይዋም «አልጋም በተባለው ገደል ላይ ጥልቀት ያለው መንገድ ይሣል፤ ያን ጊዜ ዐለቱ ይከፈታል። በመንገዱ ጫፍ የተሣለውም አውሬውን ይገጥማል» ስትል ተነበየች።

ሥራው ለወጣቷ ሠዓሊ ለእልፍነሽ ተሰጠ። ንጉሥ ጎርመት ግን «ጫፉ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ!» አለ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሩቅ ያለ አንሶ ነው የሚሣለው።»

«ምን አልሽ? ከአሽከሮቼ አንሼ ልሣል?»

በዘርማት ክብር የሚለካው በቁመት ነበርና ማን ይከራከር! ንጉሡን ተራራ አሳክላ ሣለችው። ዐለቱ ዐለት ሆኖ ቀረ፤ ሊገባ የሮጠው ሠራዊትም ግንባሩን ተፈነከተ።

ባለ ራእይዋ «ደግሞም የሚገባው አይመለስም» ብላ ስትጨምር ንጉሡን ወገቡን አመመው። አይ ጀግና!

የእልፍነሽ ታናሽ ወንድም ገሞራ ጦሩን አነሣ። «እታለም፣ እኔን ሣይኝ።»

«አላደርገውም!»

«የእናታችን ከንፈር ተሰነጣጥቋል እኮ። ባልገባ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ! ደግሞ ካንቺ ማነስ መቼ አዲስ ሆነብኝ?»

እያለቀሰች ሣለች። የቅርቡን ድንጋይ አግዝፋ በጥቁር ቀለም አደመቀችው፤ የሩቁን አሳንሳ አደበዘዘችው። ፊት ያለው ዛፍ ኋላ ያለውን ከለለው። የመንገዱ ሁለት ዳር እየጠበበ ሄዶ አንድ ነጥብ ላይ ተገናኘ። እዚያ ነጥብ ላይ ወንድሟን የጤፍ ፍሬ አሳክላ አስቀመጠችው።

ዐለቱ ተከፈተ። ገሞራ እየሄደ አነሰ፣ እያነሰ ደበዘዘ። ከሩቅ የአውሬው የጣር ጩኸት ተሰማ፤ ተራራው ወደ ስፍራው ሸሸ፤ ሕዝቡም ወንዙ ዳር ተንበርክኮ ጠጣ። ዐለቱ ግን ገሞራን ይዞ ተዘጋ።

የድሉ ድግስ ሳያልቅ ንጉሡ እልፍነሽን አስጠራ። «እኔ የሌለሁበት ድል የማን ድል ነው? በዚያው ሥዕል ላይ ከፊት አድርገሽ ሣይኝ!»

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ሣለችው። የሥዕሉ ሕግም አልተጣሰም፤ የቅርቡ ገዘፈ፣ ፊት ያለውም ኋላ ያለውን ከለለ። ሕዝቡ እልል ብሎ ሰገደለት።

እናቷ ውኃ በቅል ይዛ መጣች። ገደሉን ከላይ እስከ ታች በዓይኗ አሰሰችው። «ልጄ የት ጋ ነው?»

እልፍነሽ የእናቷን እጅ ይዛ የተሣለው ንጉሥ ሆድ ላይ አሳረፈችው።

«ከዚህ ኋላ ነው፣ እማዬ።»