ክዳኑን እንዳትከፍቺ

«ተዘግተዋል!» አለች አለቃ፣ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ። «ሁሉም ጥርቅም ብለዋል!»

«አሳይኝ፣ አሳይኝ!» ጋዜጣ በክርኗ ገፋ አድርጋት ተጎነበሰች። እልል ማለት ብቻ ነው የቀራት። የትምህርት ቤቱን ወሬ ከማንም ቀድማ ስለምታደርስ ነው ጋዜጣ የተባለችው፤ በልብ መደሰት የሚባል ነገር አይሆንላትም። ጓደኛዋን ደግሞ አለቃ ብላ የሰየመቻት እሷው ናት። በቡድን ሥራ ማን ምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚሠራና ምን መንካት እንደሌለበት የምታዘው ሁልጊዜ ይህቺው ጓደኛዋ ናት።

ማይክሮስኮፑ ሥር ያለው የቦሎቄ ቅጠል ጀርባ ቅጂ ነው። ጋዜጣ ከታላቅ እህቷ የወሰደችውን ቀለም የሌለው ኩቴክስ ቅጠሉ ጀርባ ላይ ቀብታ፣ ሲደርቅ በፕላስተር ልጣ አንስታዋለች። እንዲህ ዓይነቱ እጅ የሚፈልግ ሥራ የእሷ ነው። በዚያ ስስ ሽፋን ላይ ስቶማታ የሚባሉት የቅጠሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያውን ሁለት ከንፈር መሳይ ህዋሳት አሉት። ከንፈሮቹ ሲከፈቱ ቅጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባል፣ ውሃውም በዚያው ይተንበታል። ሲገጥሙ ሁለቱም ይቆማሉ።

ሙከራቸው ቀላል ነበር። በጣሳ ከተከሏቸው ቦሎቄዎች ግማሾቹን መስኮቱ ሥር በክፍት አየር አሳደጓቸው፤ ግማሾቹን ደግሞ በፕላስቲክ በተከደነ የመስታወት ሳጥን ውስጥ። ወደ ሳጥኑ ስኳርና እርሾ ከተበጠበጠበት ጠርሙስ በቀጭን ቱቦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል። መጽሐፉ እንደሚለው ጋዙ ሲበዛ ቅጠሉ አፉን ጠበብ ያደርጋል፤ የሚፈልገውን በትንሽ ቀዳዳም ያገኛላ። እንዳይጣሉ ብላ ሥራውን ያከፋፈለችው አለቃ ናት፤ «የውጪዎቹ የእኔ፣ የሳጥኑ የአንቺ።»

የባዮሎጂ አስተማሪው መጥተው አዩና ሳቁ። «እኔ ጠበብ ይላል ብዬ ስጠብቅ እናንተ ጭራሽ ቆልፋችሁት አረፋችሁ! ነገ በኤግዚቢሽኑ ይህንን ካሳያችሁ ለውድድሩ የምንልከው እናንተን ነው።» ከዚያ ወደ ጋዜጣ ዞሩ። «አየሽ? ስትፈልጊ እኮ ትችያለሽ።»

ጋዜጣ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ያ ሳጥን ድሮ የሳይንስ ክለቡ የዓሣ ገንዳ ነበር። ዓሦቹ ያለቁት በእሷ ተራ ነው፣ መመገቡን ረስታ። አስተማሪው ያኔ «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ ከክለቡ ትሰናበቻለሽ» ብለዋት ነበር።

እሳቸው ሲወጡ አለቃ ለነገው ለማዘጋጀት ከሳጥኑ አንዱን ጣሳ አነሳች። ቀለላት። ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደደችው፤ አመድ ነው። አፈሩ ከጣሳው ጠርዝ ለቆ ተሰንጥቋል። ቅጠሎቹም ጠውለግ ብለዋል፤ ጠዋት አይታው ሙቀት ነው ብላ አልፋው ነበር።

«ውሃ አጠጥተሻቸዋል?»

«አዎ፣ አጠጥቻለሁ።»

«መቼ?»

«አጠጥቻለሁ አልኩሽ እኮ! መስታወቱ ራሱ አልቦት እያየሽ!»

መስታወቱ እውነትም አልቦታል። ነገር ግን ጠብታው በግድግዳው እየወረደ ታች ነው የተጠራቀመው፤ ጣሳዎቹ የተቀመጡት በተደፉ ሳህኖች ላይ ስለሆነ ከሥራቸው አልደረሰም። አለቃ ጣሳውን አስቀመጠች። ተክል ውሃ ሲያጣ ያለችው እንዳታመልጠው አፉን ይዘጋል። ጋዝ ሲበዛለትም ይዘጋል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን የጠገበውና የተጠማው አንድ ናቸው።

«ውሸትሽን ነው» አለች።

«እንግዲያው ሂጂና ለቲቸር ንገሪያ!» ጋዜጣ ቦርሳዋን መንጭቃ ወጣች።

አለቃ ብቻዋን ቀረች። ምንም ሳይሉ ቢያድሩ ነገ ይሸለማሉ፤ የሚያውቅባቸው የለም። ግን ጆግ በውሃ ሞልታ መጣች። ያን የመሰለ ውጤት ድራሹ እንደሚጠፋ እያወቀች እያንዳንዱን ጣሳ ቀስ ብላ አጠጣች፣ ሳጥኑንም መልሳ ከደነች። እየተናደደች ነው ያጠጣችው። ነገ ለቲቸር ሁሉንም እነግራቸዋለሁ፣ ከክለቡ ብትባረርም የራሷ ጉዳይ ነው ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቤት ስትደርስ እናቷ በስፌት መኪናቸው ላይ አቀርቅረዋል። አለቃ ወተት ምድጃ ላይ ጣደችና ትንሹ ወንድሟን «እስክመለስ ምንም እንዳትነካ!» ብላው ልብሷን ልትቀይር ገባች። ስትመለስ ወተቱ ገንፍሎ ምድጃው ነጭ ሆኗል። ልጁ አጠገቡ ቆሞ፣ እጆቹን ኋላው አጣምሮ ያያል።

«ምን ዓይነት ልጅ ነህ? ማጥፋት አትችልም? መጥራትስ አትችልም?»

«እንዳትነካ ብለሽኝ የለ እንዴ?» አለ። «ብጠራሽም ትቆጪኛለሽ።»

እናቷ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ምን ያድርግ ልጄ! የዚህ ቤት አለቃ ያዘዘውን ማን ይሽራል?»

አለቃ አልሳቀችም። ጨርቁን ይዛ ምድጃውን እየወለወለች፣ ሳጥኑን በከደኑበት ቀን የተናገረችው በጆሮዋ መጣ። «ክዳኑን እንዳትከፍቺ! ጋዙ ካመለጠ አበቃልን፣ ሰማሽ?» ስለ ውሃ ግን አንድም ቃል አልተናገረችም። ወተቱ ተወልውሎ አልቆም ጨርቁን አልለቀቀችውም።

በማግሥቱ ጠዋት ላብራቶሪውን ተከፍቶ አገኘችው። ጋዜጣ ቀድማት መጥታለች፤ ዓይኖቿ አብጠዋል፣ ጠረጴዛው ላይ አዲስ የተላጡ ቅጂዎች ተደርድረዋል።

«አጠጣሻቸው አይደል?» አለች ጋዜጣ። «ቀና ብለዋል።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ልጠይቅሽ ነበር እኮ። ከዛ ‹ይሄም ይጠየቃል?› ትዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። መስታወቱ ሲያልበው ደግሞ ደህና ናቸው ብዬ ራሴን ሸወድኩ።» ቅጂዎቹን መልሳ አስተካከለች። «ትላንት እውነቱን ልነግርሽ ነበር፤ ዓሦቹ ትዝ አሉኝ። በቃ አፌ አልከፈት አለኝ።»

አለቃ ቦርሳዋን አወረደች። ወንበሩን ሳብ አድርጋ ማይክሮስኮፑን አስተካከለችና አየች። የትላንቱ ጥርቅም የለም። ቀዳዳዎቹ ተከፍተዋል። የውጪዎቹን አስገብታ አየች፤ መልሳ የሳጥኑን አየች።

«ትንሽ ጠበብ የሚሉ ይመስለኛል» አለች። «ወይ እንዲሆን ስለፈለግሁ ይሆናል። እስቲ አንቺ እዪው።»

ጋዜጣ ረጅም ጊዜ አየች። «ትንሽ ጠብበዋል። ግን በዚህ ማንም አይደነቅም።»

«አይደነቅም።»

ከኮሪደሩ የአስተማሪው ጫማ ተሰማ። በሩን ከፍተው «እህሳ ጀግኖቼ፣ ዝግጁ ናችሁ?» አሉ። የቅጂዎቹን ብዛት ሲያዩ ፈገግታቸው ቀዘቀዘ። «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?»

ጋዜጣ ዓይኗ ጓደኛዋ ላይ ነው። መልስ ሲፈለግ የምትቀድመው ሁልጊዜ አለቃ ናት።

«ቲቸር፣ የትላንቱ ውጤት ልክ አይደለም» አለች አለቃ። «የሳጥኑ ቦሎቄዎች ውሃ አላገኙም ነበር። ክዳኑ እንዳይከፈት ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ውሃውን እንዴት እንደምናደርግ አላሰብኩበትም።»

አስተማሪው ወደ ጋዜጣ ዞሩ። «ሳጥኑን የምትጠብቂው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

የቀረውን ታሪክ አለቃ ከነምክንያቱ ታውቀዋለች፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። ዋጠችው። ከወንበሩ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ዞር አለችና ለጓደኛዋ ቦታ ለቀቀችላት።

«ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለች ጋዜጣ።