ወደ ወንበሩ የጎበጠው መሪ

ኦኖፍሬ ከአውድማው አጠገብ፣ ከመኪና ጎማ ሥር ሞቶ ተገኘ። ሳጅን ባውዲሊዮ ጡረታው ሲቃረብ የመጣበትን ጣጣ እየረገመ አቧራማውን ዳገት በእግሩ ወጣ። ጉልበቱ ከከዳው ቆይቷል።

መኪናው የካሲልዳ ነው። በዚያ አውራጃ መንጃ ፈቃድ ያላት ሴት እሷ ብቻ ስትሆን፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ተሳፋሪና ፖስታ ታመላልሳለች። መንደሩ ፍርዱን ጨርሷል።

«አላልኳችሁም?» አለ የሟቹ ወንድም፣ ጋሪ ነጂው ኤላዲዮ፣ ዓይኑ ደም መስሎ። «ሴት መሪ ጨብጣ! ወንድሜን በላችው!»

«ፖስታ ላደርስ ገባሁ» አለች ካሲልዳ። «ሞተሩን በማዞሪያ እንደገና ማስነሳት ክንድ ይቆርጣል፤ ሳላጠፋው ተውኩት። ስወጣ መኪናዬ የለም። ሳጅን፣ እኔ ከታሰርኩ ልጆቼን ማን ያበላቸዋል?»

«እስቲ ተረጋጊ፣ ልጄ።»

«እኔን ደግሞ እንዳታዩኝ!» አለ የመድኃኒት ሻጩ ልጅ ሩፒኖ። «መንዳት ብታስተምረኝም ዛሬ አልነካሁትም።»

ሳጅኑ እያቃሰተ አጎንብሶ የጎማውን ዱካ አየ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ወጥቶ መሪውን ዳበሰ።

«ቅረቡ ሁላችሁም። ደክሞኛል፣ አንዴ ነው የምናገረው። ጎማው መሬቱን አልቧጠጠም፤ ፍሬን አልተረገጠም ማለት ነው። ካሲልዳም ሩፒኖም ቢደነግጡ እግራቸው ሳያስቡት ይረግጠዋል። መሪውን ደግሞ እዩት። ነጂው ተጋጭቶ ቢወድቅበት ወደ ፊት ይጎብጥ ነበር። ይሄ ወደ ወንበሩ ነው የጎበጠው፤ እንጨቱ እስኪሰነጠቅ በሁለት እጅ ተስቧል። ከእናንተ መሀል ዕድሜውን ሙሉ ልጓም ስቦ የሚያቆም ማነው?»

ዓይን ሁሉ ወደ ኤላዲዮ ዞረ። ኤላዲዮ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ተሳፋሪዎቼን ሁሉ ወሰደችብኝ! አንዴ አሳፍራኝ ስትነዳ አይቻለሁ፤ መኪናዋን ወስጄ ገደል ልከተው ነበር። ኦኖፍሬ ካውድማው ብቅ አለ። መኪናውን ቁም አልኩት! መሪውን ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩት! በቅሎ ቢሆን ይቆም ነበር፣ ሳጅን… በቅሎ ሰው አይረግጥም!»

አለቀሰ። ሳጅኑ ክንዱን ይዞ አስነሳው፤ ሕግ ሕግ ነው። ወደ ከተማ የሚሄደው ጋሪ የኤላዲዮ ብቻ ነበር።

«ታደርሺናለሽ?» አላት ካሲልዳን።

ካሲልዳ ዙሪያዋን የቆሙትን አየች። ይቅርታ ያላት አንድም ሰው የለም። ማዞሪያውን አንስታ ሞተሩን አስነሳች።

«ኤላዲዮ ከፊት ይቀመጥ» አለች። «የኋላው ለወንድሙ ነው።»