ደህና ነኝ ባዩ መንገደኛ

ከጥዱ ቅርንጫፍ ላይ የተከመረው በረዶ ተንዶ አምሐ አናት ላይ ሲወርድ፣ ሦስቱ መንገደኞች ከመኪናቸው ገና ብዙም አልራቁም ነበር። አምሐ ዝናብ እንደመታት ዶሮ ተራግፎ ፊቱን በጓንቱ ጠረገ። ሀረገወይን ሳቋን ለመዋጥ ወደ ሸለቆው ዞረች። ሰማዩ አመድ መስሏል፤ ነፋሱ ከገደሉ አፋፍ ላይ በረዶውን እያፈሰ ይበትናል።

«የአየሩ ፎርካስት ክሊር ነው ብሎ ነበር» አለ አምሐ። «ይሁን፣ ሐይቁ ቅርብ ነው።»

ሐይቁ ቅርብ አልነበረም።

አምሐ ኦክላንድ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ፣ ደስ ያለውን ነገር ለሰው ካላሳየ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። አንድ ተሳፋሪ የሰጠውን የሴራ ኔቫዳ ሐይቅ ፎቶ መኪናው ውስጥ ለጥፎ ከረመና፣ የሱዳንን በረሃ አብረውት የተሻገሩትን ሁለት ወዳጆቹን በፈረንጆቹ 1985 ጥር ወር ጋበዘ። ሀረገወይን በርክሌ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኞችን ትረዳለች። ሸረፈዲን የወሎ ልጅ ነው፤ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር ያመላልሳል። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ገበታ እንዳይለይባቸው ስንቃቸው በሶና ቆሎ ብቻ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ነፋሱ ገና ሲነሣ ሦስቱም መመለስ አምሯቸዋል። ግን አምሐ ጋባዥ ነው፤ ጋባዥ እንዴት «እንመለስ» ይላል? ሀረገወይን «ሴት ይዘን ሄደን ነው የተመለስነው» እንዲባል አልፈለገችም። ሸረፈዲን ደግሞ ከሁሉም ታናሽ ነው፤ ታላላቆቹ ሳይደክማቸው ደከመኝ ማለት ነውር መሰለው። እንዲህ አድርጎ ይሉኝታ ሦስቱንም ጠምዶ ሽቅብ ነዳቸው።

መንገዳቸውን የሚያቋርጠው ጅረት በበረዶ ተከድኖ ሜዳ መስሎ ነበር። አምሐ ተሻገረ፤ ሀረገወይን ተከተለች። ሸረፈዲን መሐል ሲደርስ ክዳኑ ተሰነጠቀና ግራ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጠለቀ። ከሥሩ ጥቁር ውሃ ይጮሃል። አምሐ በሆዱ ተኝቶ ክንዱን ጨበጠ፣ ሀረገወይን የአምሐን ቀበቶ ያዘች፣ ተጋግዘውም ጎትተው አወጡት።

«ረጠብክ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ ጋሽ አምሐ። ቦቱ ስትሮንግ ነው፤ የሥራ ቦት እኮ ነው።»

ቦቱ ውሃ ሞልቶ ነበር።

የበረዶ ውሽንፍር ከላይ ወረደባቸው። በግንዶቹ ላይ የተቸነከሩት ሰማያዊ የመንገድ ምልክቶች አንድ በአንድ ጠፉ። ጃኬት ለጃኬት ተያይዘው ዳገቱን እየቧጠጡ ሲወጡ፣ ሀረገወይን ድንገት ቆመች። ፊት ለፊታቸው፣ በወደቀ ግንድ ላይ፣ ፈረንጆቹ የተራራ አንበሳ የሚሉት ጎፈር የለሽ አውሬ ተጋድሞ ያያቸዋል።

«እንዳትሮጡ» አለች።

ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ጃኬታቸውን እንደ ክንፍ ዘረጉ። ሸረፈዲን የፔርሙዙን ክዳን ይደበድባል። አምሐ በታክሲ ሥራ የተማረውን ስድብ በሁለት ቋንቋ አወረደበት። ስድቡ ይሁን ጩኸቱ ባይታወቅም፣ አውሬው ቀስ ብሎ ተነሥቶ ወደ ጥዶቹ ገባ።

ሸረፈዲን አንድ እርምጃ ተራመደና ተደፋ።

«አዳልጦኝ ነው» አለ።

ሀረገወይን አጠገቡ ተንበረከከች። «እግርህ ይሰማሃል?»

«ደህና ነኝ፣ እት ሀረግ።»

«ደህና ነህ ወይ አላልኩህም። ይሰማሃል ወይ?»

ቦቱን መንጭቃ አወለቀች። ጣቶቹ እንደ ሻማ ነጥተው ደርቀዋል። ሀረገወይን እንዲህ ሆኖ ጣቱ የተቆረጠ ሰው አይታለች፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ስንቱ ፔሸንት ‹አይ አም ፋይን› እያለ ነው የሚሞትብን! ለምን አትናገርም?»

እግሩን በጃኬቷ ሥር ከሆዷ ልታስጠጋ ስትል፣ ሸረፈዲን በኀፍረት ሰበሰበው። ያን ጊዜ አምሐ ጃኬቱንም ሸሚዙንም ከፍቶ የበረደውን እግር በራቁት ሆዱ ላይ አሳረፈ። ቅዝቃዜው ትንፋሹን ቀጥ አደረገው።

«ከጅረቱ በፊት መመለስ ፈልጌ ነበር» አለ ጥርሱን እያንገጫገጨ። «አፍሬ ነው።»

«እኔም» አለች ሀረገወይን።

«እኔስ ገና ከመኪናው ስንወርድ» አለ ሸረፈዲን።

ተያዩ። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሐል ሳቅ አመለጣቸው።

«እንመለስ» አለ አምሐ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ የአንድ ኩንታል ሸክም የወረደለት ያህል ቀለለው።

እግሩን በደረቅ ካልሲ፣ ከዚያም ቆሎው በነበረበት ላስቲክ ጠቀለሉት። አምሐ ሸረፈዲንን አዘለ። መንገዱ ስለጠፋ የጅረቱን ድምፅ ተከትለው ቁልቁል ወረዱ፤ ውሃው ከአስፋልቱ ድልድይ ሥር እንደሚያልፍ ጧት አይተዋል። አምሐ ወገቡ ድረስ ይሰምጣል፣ ይወጣል፣ ይንገዳገዳል። ሀረገወይን ከፊት በረዶውን በደረቷ እየገፋች ጥርጊያ ታወጣለች፤ ቆም ሲሉ በሶውን ጨብጣ ለሁለቱም ታጎርሳለች። ሸረፈዲን ከአምሐ ጀርባ ላይ ሆኖ ዱዓ ያደርጋል፤ አምሐም በየእርምጃው እመቤቴን ይጠራል። በመጨረሻ በጉሙ ውስጥ ቢጫ መብራት ብልጭ አለ። በረዶ የሚጠርግ መኪና ነበር። ሹፌሩ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ ጭኗቸው ወደ ቅርቡ ክሊኒክ ከነፈ።

ሐኪሙ የሸረፈዲንን እግር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከረው። አምሐ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ እነዚያ ጣቶች ቢቆረጡ ራሱን ይቅር እንደማይል ያውቀዋል። ሀረገወይን ዓይኗን ከውሃው አልነቀለችም። ቀስ በቀስ ነጩ ቆዳ ወደ ቀይ አዘነበለ። የሸረፈዲን ግንባር ላብ አወጣ።

ሐኪሙ ያምመው እንደሆነ ጠየቀው። ሸረፈዲን እንደ ልማዱ ሊያስተባብል አፉን ከፈተ፤ ሁለቱን ጓደኞቹን አየና ተወው።

«አመመኝ» አለ። «ጋሽ አምሐ፣ ወላሂ አመመኝ። እሳት ነው የሆነብኝ።»

ሀረገወይን የሞተ ሥጋ እንደማያምም ታውቃለች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና «ተመስገን፣ ተመስገን» አለች።

«እስቲ ድገመው» አለ አምሐ፣ እንባው እየወረደ።

«አመመኝ!»

አምሐ ዘሎ አቀፈው። ሐኪሙም፣ ሰው ታምሞ እያቃሰተ እንዲህ የሚደሰቱ ቤተሰቦች አይቶ የማያውቅ ይመስላል፣ ፎጣውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።