ስድሳ ሊትር የሚጎድለው ታንከር

ይህን የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። የሆነ ነገር ነው። የሆነውም በእናቴ ወንድም፣ በአጎቴ በዘካሪያስ ላይ ነው።

አጎቴ ጴንጤ ነው፤ ጠላ እንኳ ቀምሶ አያውቅም። «ሰክሮ ይሆናል» ልትሉኝ የተዘጋጃችሁ... ከአሁኑ ተዉት።

ጨለማም አትጠብቁ። ሁሉም የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው።

የካቲት 1976 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ አርባ ምንጭ።

በዚያ ሰሞን መቶ ሰው ለጥጥ ለቀማ ወደ ጫሞ ዳር ዘምቶ ነበር። ዘምቶ ስል፣ ዝመት ተብሎ ነው። ሐይቁ አጠገባቸው ቢሆንም አዞው አያስጠጋም። የሚጠጣው ውሃ በየቀኑ ከከተማው ሥር ካሉት ምንጮች በተጎታች ይመጣ ነበር።

ተጎታቹ ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ቤት ነው። አንድ ፈረንጅ ዓሣ ሊያጠና አምጥቶት፣ አብዮቱ ሲመጣ ጥሎት ሄደ ተባለ፤ መንግሥት ወረሰው። ውስጡ አልጋ አለ። ከአልጋው ግርጌ ደግሞ የብረት የውሃ ታንከር አለ፤ ላዩ ላይ «300 ሊትር» ተብሎ ተጽፎበታል።

ተጎታቹን በላንድሮቨር የሚስበው ሾፌር አበጋዝ ነው፤ ከደጋ የመጣ፣ ቀልደኛ፣ ጎልማሳ ሰው። ውሃውን የሚያድለው አጎቴ ነው። ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር።

ሦስት መቶ ሊትር ለመቶ ሰው በደንብ ይዳረሳል። ግን በየቀኑ፣ ሰማንያኛው ሰው ላይ... ቧንቧው ይደርቃል።

ሃያ ሰው በዚያ ሐሩር ጉሮሮው ደርቆ ይውል ጀመር። አንድ ቀን የዘመቻው ካድሬ ጓድ ብዙነህ አጎቴን አስጠራው።

«ስድሳ ሊትሩን ለማን ነው የምትሸጠው?»

«ኧረ ጓድ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው...»

«እሱን እዚህ አታስገባብኝ! ይሄ አሻጥር ነው። ነገ ስምንት ሰዓት ምንጩ ጋ መጥቼ አስለካለሁ። ሦስት መቶ ከሆነ አበቃልህ።»

በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም። የአጎቴ ሚስት ወርቂቱ ደግሞ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች።

በዚያው ቀን አጎቴና አበጋዝ ታንከሩን ለኩት። በሃያ ሊትር ጀሪካን ቀድተው፣ በአፉ እየገለበጡ።

አሥራ ሁለተኛው ላይ ሞልቶ ፈሰሰ። ሁለት መቶ አርባ ሊትር።

«ተገላገልክ!» አለ አበጋዝ። «ጽሑፉ ነው የዋሸው።»

አጎቴ ግን ልቡ አላረፈም። ሜትር አምጥቶ ታንከሩን ለካ። ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ ወርዱ ስድሳ፣ ቁመቱ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር።

አባዙት። ልክ ሦስት መቶ ሊትር ነው።

ውሃውን አፍስሰው በባትሪ አዩት። ባዶ ነው። ቆርቆሮው ስስ፣ ወለሉ ንጹሕ።

እንደገና ሞሉት። አሁንም አሥራ ሁለት።

«ስድሳ ሊትር...» አለ አበጋዝ እየሳቀ። «አንድ ቀጭን ሰው ያክላል እኮ፣ ዘኬ!»

የታንከሩ አፍ ከክንድ በላይ አያስገባም። አጎቴ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ወደ ውሃው ላከ።

የምንጭ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ይሄኛው ግን... ለብ ያለ ነበር።

ትንሽ ጠለቅ አደረገው።

ውስጥ ያለ አንድ ነገር... ፈቀቅ አለለት።

«ምን ነካህ?»

«ምንም፣ ጋሼ አበጋዝ። ምንም።»

ፈራ። ቢናገር ማን ያምነዋል? ደግሞ አሥራ ሁለቱ ጀሪካን ነገ ነፃ ያወጣዋል። ስለዚህ ዝም አለ። እስከ ዛሬ የሚጸጸተው በዚህ ዝምታ ነው።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ካድሬው መጣ። አበጋዝ ላንድሮቨሩ ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አጎቴ በባዶው ታንከር ውስጥ መገልበጥ ጀመረ።

አሥር... አሥራ አንድ... አሥራ ሁለት።

አልፈሰሰም።

አሥራ ሦስት። አሥራ አራት።

አሥራ አምስተኛው ላይ ጢም አለ።

«ይኸው ሦስት መቶ!» አለ ካድሬው። «እጅ ከፍንጅ!»

አጎቴ ጀሪካኑን ጣለው። ከተጎታቹ ወርዶ መሬት ላይ ዘፍ አለ። አበጋዝ ፊቱ አመድ መስሎ መጣና ጆሮው ሥር አንሾካሾከ።

«ዘኬ... ጋቢና ውስጥ ከጎኔ የነበረው ማነው?»

«ማንም አልነበረም።»

«ነበረ እንጂ። ልብሱ ውሃ ያንጠባጥባል።»

«...ምን አለህ?»

«ውስጡ ሰፊ ነው፣ አለኝ።»

አጎቴ ሄዶ አየ። ወንበሩ ርሷል፤ ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቷል። ከመኪናው ውጪ ግን አንድም እርጥብ ዳና የለም።

«ጓድ፣ በልጆችዎ!» አለ ተመልሶ። «አንዴ ብቻ እንደገና ልለካ።»

«ለካ። ቁጥሩ አይለወጥም።»

ቧንቧውን በውጪ ከፍተው ውሃውን ለቀቁት። ታንከሩ እስኪጎድል አበጋዝ «ራሴን አዞረኝ፣ ጋደም ልበል» ብሎ ተጎታቹ ውስጥ ገባ። በሩን ከውስጥ ቀረቀረ።

ውሃው አለቀ። በሩን አንኳኩ።

ጸጥ።

ካድሬው በእርግጫ ሰበረው። የአበጋዝ ጫማ ከአልጋው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንሶላው ረጥቧል። አበጋዝ የለም። መስኮቱ የሕፃን ራስ እንኳ አያሾልክም።

«አስመለጥከው!» ጮኸ ካድሬው።

አጎቴ ወጥቶ ቧንቧውን ዘጋ። ጀሪካኑን አንስቶ መገልበጥ ጀመረ። በልቡ «እባክህ አሥራ አምስት አድርገው» እያለ። አሥራ አምስት እንደሚያሳስረው ረስቶ አልነበረም።

ሰባት... ስምንት...

ዘጠነኛው ላይ ሞልቶ ፈሰሰ።

ካድሬው ጀሪካኖቹን ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ላብ በላብ ሆነ። ከዚያ የክሱን ወረቀት ቀዶ ኪሱ ከተተና፣ አጎቴን ቀና ብሎ ሳያይ «ወደ ሚስትህ ሂድ» አለው።

ነፃ ወጣ። ያወጣው አበጋዝ ነው።

ከመሄዱ በፊት አጎቴ በታንከሩ አፍ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ?» አለ።

ተጎታቹ ቆሟል። ነፋስም የለም። ውሃው ግን ከአፉ ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል። ከፍ... ዝቅ... የተኛ ሰው እንደሚተነፍሰው።

ልብ ብሎ ሲያየው ትንፋሹ የአንድ ሰው አይደለም። አንዱ ዝግ ያለ ነው። ሌላው ቶሎ ቶሎ፣ በድንጋጤ ይተነፍሳል።