አሳማዎቹ ያልረገጡት ሣር

ሮማ ባለ ሐበሻ ዘንድ ከኣዜብ ዓይን የሚያመልጥ ምስጢር አልተፈጠረም፤ ይህን የምትለው ራሷ ኣዜብ ናት። ለጣሊያን ፖሊሶቹ፣ ለካራቢኒየሪ፣ እያስተረጎመች ሁለት ሌባ አስይዛለች፤ አንዱ የአክስቷ ልጅ ቢሆንም ሌባ ሌባ ነው።

የዚያን ጠዋት የፖሊሶቹ አለቃ፣ ማሬሻሎው፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የአሳማ መስክ አስጠራት። ከደርግ ሸሽቶ የመጣው ተኽለብርሃን ከኤሌክትሪክ ሽቦው አጥር ውጭ፣ ሣር ላይ ሞቶ ተጋድሟል። ሐኪሙ አጎንብሶ ይመረምረዋል። የሟች እጆች ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ፤ ጭቃ በጠጣው ሸሚዙ ላይ የክት ኮቱ ተቆልፏል።

«አሎራ፣ እንግዲህ ሽቦው ነው የገደለው» አለ ማሬሻሎው። አጥሩን የሚተክለውን የሟችን የሥራ ባልደረባ፣ ሀብተሚካኤልን፣ በካቴና አስሮታል።

«ጋሼ፣ አጥሩን እዚህ ነው የተከሉት?» አለችው ኣዜብ።

«ኧረ ወዲያ፣ ወደ አሳማዎቹ ጠጋ ብሎ ነበር! ማን ይስማኝ?»

ኣዜብ ወደ አሳማዎቹ ዞረች። ርቧቸው ይጮኻሉ። ከፊታቸው እስከ ሽቦው ድረስ ያልተነካ ለምለም ሣር አለ፤ አንዳቸውም ግን አይራመዱም።

«ምን ነካቸው?»

«አንዴ ሽቦ የነዘረው አሳማ፣ ሽቦው ቢነሣም ድንበሩን አይረግጥም። አጥር ሳዛውር በቆሎ በትኜ፣ ለምኜ ነው የማሻግራቸው።»

የሟች እህት ኣስገደት ፊቷን በነጠላ ሸፍና ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ ወንድምዎ ምን ይሠራ ነበር?»

«የወይን አትክልት... ነበር የሚለን።»

«እርስዎስ መቼ መጡ?»

«አሁን፣ ስትጠሩኝ።»

ኣዜብ የሴትዮዋን ጫማ አየችና ሁሉንም ሰበሰበች።

«ስሙ እንግዲህ! ሸሚዙ ጭቃ፣ የተኛበት ሣር ንጹሕ። ስለዚህ የሞተው አሳማዎቹ መሃል ነው። እሱን ጎትቶ ለማውጣት ሽቦው ተነቀለ፤ ሲተከል ቦታውን ሳተ። ጋሼ ሀብተሚካኤል ቢሆኑ በቆሎ ይበትኑ ነበር። ደግሞ ገዳይ የሟችን እጅ አያጥብም፤ የሚያጥብ ያፈረ ሰው ነው። እትዬ፣ አሁን ከመጡ ጫማዎ ላይ ያለው ጭቃ መቼ ደረቀ?»

ኣስገደት ነጠላዋን ገለጠች።

«ሳይመጣ ቢያድር ጎህ ሲቀድ መጣሁ። ልቡን ያመው ነበር... ቀዝቅዞ አገኘሁት። ከእሪያ መሃል ተነሣ እንዳይባል ብዬ ነው።» ሀብተሚካኤልን ቀና ብላ ማየት አቃታት። «ካቴናውን እያየሁም ዝም አልኩ። ምነው መሬት በዋጠችኝ!»

«ልብ ነው» አለ ሐኪሙ። ካቴናው ተፈታ።

ኣዜብ ደረቷን ነፋች። «ሥራ ነው፤ ምን ያሳፍራል? ለመሆኑ ከማን ነበር የምትደብቁት?»

«ካንቺ ነዋ!» አለች ኣስገደት። « ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመሽ ‹እሪያ ጠባቂ› እያልሽ በሰው የምትስቂው አንቺ አይደለሽም?»